ለጎረቤቴ ልጅና ለረዣዥም ጓደኞቹ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደወለልኝ። ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቷል፤ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑም ተመርጧል። «ጋሼ፣ ስድስታችን ከሁለት ሜትር በላይ ነን። አብዛኞቻችን የመጀመሪያ ዓመት ነን። ማን ይችለናል?» አለኝ። ሳቅሁ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ልጆች ሳሰለጥን ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ይህችን ጥያቄ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ እሰማታለሁ። በስልክ ብዙ አላወራንም። የቀረውን ለሱም ለጓደኞቹም እጽፋለሁ።

ልጆቼ፣ መጀመሪያ ላይ ሳታሸንፉ አትቀሩም። ብዙ ኮሌጆች የውድድር ዘመኑን የሚከፍቱት ደከም ያለ ቡድን ሜዳቸው ድረስ ጠርተው ነው። ሪባውንዱ፣ ማለትም ተስቶ የሚመለሰው ኳስ፣ ሁሉ የእናንተ ይሆናል፤ እናቶቻችሁም ቪዲዮውን ለዘመድ ሁሉ ይልካሉ። ደስ ይበላችሁ። ውጤቱን ግን አትመኑት።

የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ታሪክ ላውጋችሁ። በፈረንጆቹ 2013 ውድድሩ ሳይጀመር አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ለነሱ ነበር። ጁሊየስ ራንድል 2.06 ሜትር ገደማ ነው። መንትዮቹ ሃሪሰኖች ጋርድ፣ ማለትም ኳስ እየመሩ የሚያቀብሉ፣ ሆነው እንኳ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋሉ። ኖቬምበር ላይ ቺካጎ ውስጥ ከሚሺጋን ስቴት ገጠሙና 78 ለ 74 ተሸነፉ። ራንድል ያን ቀን 27 ነጥብ አስቆጥሯል፤ 13 ሪባውንድ ወስዷል። ሰው ሁሉ ያወራው ይህን ነው። እኔ የያዝኩት ሌላ ቁጥር ነው፦ ኳሱን 8 ጊዜ ለተጋጣሚ አስረክቧል። ጉልበት ነበረው፤ ሁለት ሰው ሲመጣበት ኳሱን ወዴት እንደሚልክ ግን ገና አልለመደም። ይህን ደግሞ ጂም ውስጥ ብረት በማንሳት አታገኙትም።

ወቅቱን ሙሉ ሲወድቁ ሲነሱ ቆይተው፣ በማርች በሚካሄደው የኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር በምድባቸው 8ኛ ተደልድለው ገቡ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር መጣ፤ እስከ ፍጻሜው ደረሱ። በፍጻሜው የተሰለፉት አምስቱም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ኮኔቲከት 60 ለ 54 አሸነፋቸው። ከሜዳው ሁሉ የጎላው ሻባዝ ናፒየር ነበር፤ አራተኛ ዓመት፣ 1.85 ሜትር ገደማ የሆነ ልጅ፣ 22 ነጥብ አገባ። ኬንታኪ 24 ፍሪስሮው፣ ማለትም ከፋውል በኋላ የሚሰጥ ባለ አንድ ነጥብ ነፃ ውርወራ፣ አግኝቶ 11 ሳተ። ኮኔቲከት 10 አግኝቶ 10ሩንም አስገባ። ልዩነቱ ስድስት ነጥብ ነበር፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ፍሪስሮው ላይ ማንም አይከላከላችሁም፣ ማንም አይዘልባችሁም። ቁመትም አይረዳችሁም። ስለዚህ ረጅም ልጅ ይሰለቸዋል። ልምምድ ሲያልቅ፣ እግራችሁ ሲዝልና ሻወሩ ሲያምራችሁ፣ ያኔ ወርውሩ። ጨዋታ ላይ የምትወረውሩትም ደክማችሁ ነውና።

ስለ ብሎክ፣ የተጋጣሚን ውርወራ ከአየር ላይ ስለ መምታት፣ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሁላችሁም በሽታ ይኸው ነው። እዚሁ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1982 ለፍጻሜ ሲደርስ ፓትሪክ ዩዊንግ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ያ ጨዋታ ሲጀመር የኖርዝ ካሮላይናን ኳሶች ከአየር ላይ ጠራረጋቸው። ግን ኳሶቹ መውረድ ጀምረው ነበር፤ ዳኞቹ ጎልቴንዲንግ ብለው ነጥቡን ለተጋጣሚ ሰጡ። የኖርዝ ካሮላይና የመጀመሪያ 8 ነጥቦች በሙሉ የመጡት እንዲህ ነው። አንዳንዶች ተጋጣሚውን ለማስፈራራት ታስቦ ነው ይላሉ። ይሆናል። ጆርጅታውን የተሸነፈው ግን 63 ለ 62 ነው። ዩዊንግ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋንጫውን አነሣ፤ እናንተ ያን ያህል ጊዜ እንደምታገኙ ማንም ዋስ የለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አጭሩ ልጅ ሊወረውር መስሎ ፌክ ሲሠራባችሁ ትዘላላችሁ። እሱ በብብታችሁ ሥር ያልፋል፣ ወይም ይነካካችሁና ፋውል ይሆናል። በኮሌጅ አምስት ፋውል ከሞላ ውጪ ነው። ሁለት ሜትር ከአሥር ሆኖ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ለማን ይጠቅማል? እጃችሁን አንሡ፣ እግራችሁን ግን መሬት ላይ አቆዩት። ቁመታችሁ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። የጥንቱን ታላቅ ተከላካይ ቢል ራስልን ያሳደጉት ብሎኮች ከተመልካች መሀል የሚወድቁት አልነበሩም። ኳሱን ሜዳ ውስጥ አስቀርቶ ለጓደኛው ያቀብል ነበር።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ወጣት አሰልጣኝ ሳለሁ አንድ በጣም ረጅም ልጅ ነበረኝ። ድሪብል ሊያደርግ፣ ኳሱን እያነጠረ ሊሄድ፣ ሲል «አንተ ተወው፣ ለጋርዱ ስጥና ቅርጫቱ ሥር ቁም» እያልኩ እጮህበት ነበር። ታዛዥ ልጅ ነበር፤ ቆመ። ኮሌጅ ሲደርስ እሱን የሚያክሉ አሥር ልጆች ጠበቁት፣ እነሱ ደግሞ ኳስ ይዘው መሮጥ ይችላሉ። በሁለተኛው ዓመት ተወው። እስካሁን ሲያገኘኝ «ጋሼ» ብሎ ያቅፈኛል። እኔ ግን ዓይኑን ማየት ያሳፍረኛል። አሰልጣኛችሁ እንደዚያ ካላችሁ በጨዋታ እሺ በሉት። ማታ ጂሙ ሲለቀቅ ግን ኳሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቡድኑ አጭር ጋርድ ጋር ተለማመዱ። ምሳ መጋበዝ ካስፈለገም ጋብዙት።

ትምህርቱን፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል፤ አልደግመውም።

የሜዳችሁን የመጀመሪያ ጨዋታ ቀን ላኩልኝ። ፊት ለፊት ትኬት አትያዙልኝ። ከተቀያሪዎቹ ጀርባ፣ ዝቅ ያለው ወንበር ይሻለኛል። ከዚያ እግራችሁ በደንብ ይታያል።