አባይ በረሃን ለጀማሪ፦ ኤፍ ኤስ አር ወይስ ተሳቢ?

ከጎሃ ጽዮን ደጀን በየትኛው ልጀምር ላልከው፣ በኤፍ ኤስ አር፣ በመካከለኛው አይሱዙ የጭነት መኪና፣ ጀምር ወንድሜ። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ስህተት አይምርም፤ የኋላው ፍሬን ካነሰው ይገፋሃል፣ ኩርባ ላይ ይታጠፋል። ቀላል መኪና ነው ብለህ ግን ከልኩ በላይ አትጫን፤ ከልኩ በላይ የጫነ አይሱዙ ከባዶ ሲኖትራክ የባሰ ነው።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ሜዳው ላይ ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አስገባ፣ የሞተር ፍሬኑን ክፈት። መሃል ላይ ልቀይር ብለህ ማርሹን አውጥተህ ፍሪ ካደረግከው መልሶ ላይገባልህ ይችላል። ፔዳሉን ረግጠህ አትቆይ፤ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ሲግል ይሰፋና እሱን ተጭኖ ከሚይዘው የፍሬን ሸራ ይርቃል፣ ሸራውም መያዝ ያቅተዋል። ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ በ10 ኪሎ ሜትር ሲቀንስ ልቀቅ። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተህ ቁምና ጎማው ስር ታኮ አድርግ። ውሃ እንዳትደፋበት፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል።