ስንጥቁ ልስኑ ላይ ነው ወይስ ኮለኑ ላይ? የመሬት መንቀጥቀጥ ጥያቄና መልስ

አዋሽ አጠገብ ካሉት ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች አካባቢ መንቀጥቀጥ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ። የቻልኩትን ልመልስ።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የካቲት 7 ቀን 2017 ማታ ሲያወዛውዘን ግድግዳው ተሰነጠቀ። ልውጣ?

እህቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ያ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ሆኖ የተለካ ነው፤ መደንገጥሽ አይገርምም። አሁን ስንጥቁ የት እንደሆነ እይ። የግድግዳው ብሎኬት ከኮለኑ፣ ማለትም ሕንፃውን ከተሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ሲወዛወዙ ይለያያሉ። ብሎኬቱ እንደ መስቀል ሰያፍ ከተሰነጠቀ ግን ግድግዳው ራሱ ሊወድቅ ይችላል። አልጋና የልጆች መኝታ ከሥሩ አንሺ፣ ባለሙያም ጥሪ።

የምፈራው ኮለኑን ነው። ኮለኑ አናቱ ወይም እግሩ ጋ በሰያፍ ከተሰነጠቀ፣ ኮንክሪቱ ተፈረካክሶ ውስጡ ያለው ብረት (ፌሮ) ከታየ፣ ያኔውኑ ውጡ። አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ስንጥቁ በአዲስ ልስን ተሸፍኗል። በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ልስኑን ስናነሳው ኮንክሪቱ ደቅቋል፤ ስታፋው፣ ማለትም የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ብረት፣ ከስንዝር በላይ ተራርቆ ታስሯል፤ ፌሮው በመሃል ጎብጧል። የእንጨት ሸክም ገመዱ ሲላላ እንደሚበተነው ማለት ነው። በኮለን ጫፎች ላይ ስታፋ ጠበቅ፣ ቀረብ ቀረብ ብሎ መታሰር አለበት። እባካችሁ፣ ሳይመረመር አታስለስኑ።

መሬት ተሰንጥቆ ሰው ይውጣል ይባላል። እውነት ነው?

እንደ አፍ ተከፍቶ የሚዘጋ መሬት የለም። መሬት መሰንጠቁ ግን እውነት ነው። መስከረም 1998 አፋር ዳባሁ ላይ ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት፣ ሰፊ በሆነበት እስከ 8 ሜትር መሬቱን አላቆታል። አዋሽ ፈንታሌም መንገድና ቤት ሲሰነጠቅ አይተናል። ስንጥቅ በመሃሉ የሚያልፍበትን ቤት ጠንካራ መሠረትም አያድነውም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ አፈሩን እያጠበ ያሰፋዋል፤ ልጆችና ከብት ከዳሩ ይራቁ።

እኛ እኮ ከአዋሽ ሩቅ ነን። ምን ያሰጋናል?

ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ አፈሩም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1985 የሜክሲኮው መንቀጥቀጥ መነሻው ከሜክሲኮ ሲቲ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ግን ከተማዋ የቆመችው በጥንት ሐይቅ ወለል፣ በለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው ንዝረቱን አጎላው። በጣም የተጎዱት መካከለኛ ቁመት ያላቸው ፎቆች ናቸው፤ የእነሱ ውዝዋዜ ከመሬቱ ውዝዋዜ ጋር ስለገጠመ። ጥልቅና ለስላሳ አፈር ላይ ፎቅ የምትሠሩ፣ ለአፈር ምርመራ የምታወጡትን ብር አትሰስቱ።

የጭቃ ቤት ይሻላል ወይስ የድንጋይ?

በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ከሁሉም ይከፋል። ከባድ ነው፣ አይለጠጥም፣ ሲወድቅ ሰው ላይ ነው። በደንብ የተማገረ የእንጨትና የጭቃ ቤት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ያዘነብላል እንጂ አይደረመስም። ምስጥ የበላው እንጨት ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። የሰሜን ሸዋውን የካራቆሬ መንቀጥቀጥ አትርሱ፦ በ1953 ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፣ ናዳ ወርዷል፣ መሬት ተሰንጥቋል።

ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ፎቅስ?

ከታች ግድግዳ የለም፣ ከላይ በብሎኬት ተሞልቷል። ስለዚህ የመንቀጥቀጡ ጉልበት ሁሉ የምድሩ ኮለኖች ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቱርክ ውስጥ ብዙ ፎቆች በዚህ ምክንያት ምድራቸው ተደፍጥጦ ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ያላችሁ ምድሩን ማጠናከር ይቻላል። መሐንዲሱ ግን ከነስትራክቸር ፕላኑ ይየው፤ ሱቅ ለማስፋት ተብሎ የተነሳ ግድግዳ ካለም ንገሩት።

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶስ?

ውሃ የሞላ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ 2 ቶን ነው። በብረት ካልታሰረ፣ ዛሬውኑ ይታሰር።