ስለ ዛገ የፍሬን ቱቦ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ውስጥ መኪና ስጠግን 17 ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የ2004 ካምሪዋን ይዛ መጣች። «ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ይሄድብኛል» አለችኝ፣ ሌላ ምልክት የለም። መኪናውን አንሥቼ ከነዳጅ ታንከሩ በላይ የሚያልፈውን ቱቦ በጣቴ ስነካው ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ፤ ከሥሩ የፍሬን ዘይት እንደ ላብ ብቅ አለ። ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ነው የመጣችው። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ አልኩ። የመጡት እነሆ።

መኪናዬ 2006 ኮሮላ ነው። ፍሬኑ በደንብ ይይዛል። ቱቦው መዛጉን በምን አውቃለሁ?

ወንድሜ፣ በደንብ መያዙ ምንም አይነግርህም። ቱቦው እስከሚፈነዳባት ደቂቃ ድረስ ፍሬኑ በደንብ ይይዛል። ባትሪ ይዘህ ከሥር ማየት ነው ያለብህ። ላዩ ቡናማ ብቻ ከሆነ ጊዜ አለህ። ካበጠ፣ ከተላጠ ወይም እርጥበት ካየህበት ግን ጊዜ የለህም፣ መኪናውን አቁመው። መጀመሪያ የምታየው ቱቦውን የሚይዙትን የፕላስቲክ ማቀፊያዎች ነው፣ ጭቃና ጨው እዚያ ሥር ተከማችቶ ስለማይደርቅ። ከዚያ ከታንከሩ በላይ ያለውን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጎማ የሚታጠፈውን። የዘይቱ መጠን በየወሩ የሚጎድል ከሆነም ዝም ብለህ አትሙላው፣ የት እንደሚሄድ ፈልግ። ደግሞ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አትግባ፣ መደገፊያ እግር አድርግበት።

አዲስ አበባ አባቴ 30 ዓመት የነዳት መኪና ሥሯ ንጹሕ ነው። እዚህ 15 ዓመት ያልሞላው ለምን እንዲህ ይበሰብሳል?

ጨው ነው። በበረዶ ጊዜ መንገዱ ላይ ደረቅ ጨው ይበተናል፣ በውኃ የተሟሟም ይረጫል፤ ያ ፈሳሽ የማይገባበት ስንጥቅ የለም። ጨው እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ በረዶው ከቀለጠ በኋላም ብረቱን መብላቱን አያቆምም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2015 ይህን ጉዳይ መርምሮ ሲጨርስ የ2007ና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪናዎች ባለቤቶች ቱቦአቸውን እንዲያስመረምሩ፣ ሥሩንም እንዲያሳጥቡ መክሯል። እኔም የምለው ይኸው ነው፦ በረዶው እንዳለቀ ሥሩን በደንብ አሳጥቡት።

መካኒኩ የተበሳውን ቦታ ቆርጦ በመጋጠሚያ ቀጠለልኝ። ችግር አለው?

መጋጠሚያው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቂው እህቴ። የሁለቱም ቱቦ አፍ ተገልብጦ (ጫፉ እንደ መለከት ሰፍቶ) በዳዶ የታሠረ ከሆነ፣ የተሠራውም በጤነኛ ብረት ላይ ከሆነ ይይዛል። ለቤት ውኃና ለጋዝ የሚሠራው፣ ቀለበት ቱቦውን ጨምቆ የሚይዝበት ዓይነት ከሆነ ግን ዛሬውኑ አስወጪው። ጎማሽ ውስጥ ያለው ግፊት 32 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ፍሬን አጥብቀሽ ስትረግጪ ቱቦው ውስጥ ከ1,000 በላይ ይደርሳል። ያ ቀለበት ይህን የሚችል አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ አንድ ቦታ በዝገት ከተበሳ የቀረውም እኩል ዕድሜ ያለው፣ እኩል ጨው የጠጣ ብረት ነው። አንዱን ብቻ ቀይረው በሁለት ወር በሌላው የሚመለሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ።

ራሴ ልቀይር አስቤአለሁ። የትኛውን ቱቦ ልግዛ?

የመዳብና የኒኬል ቅይጥ የሆነውን። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ አፉም በቀላሉ ይገለበጣል። ቮልቮ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይጠቀምበታል፣ በአገሩ በስዊድንም ጨውና በረዶ አለ። ንጹሕ መዳብ አትግዛ፣ በንዝረት ብዛት ይሰነጠቃል። አይዝጌ ብረትም ጥሩ ነው፣ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለጀማሪ አፉን መገልበጥ ይከብዳል። ብዙዎቹ ትንንሽ መኪናዎች 3/16 ኢንች ነው የሚወስዱት፤ አንተ ግን ያንተን ለክተህ ግዛ።

አፉን መገልበጥ ላይ ተሸነፍኩ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት፣ ሦስቴም አንጠባጠበ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፣ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ቱቦውን በመጋዝ አትቁረጥ፣ በሚሽከረከረው የቱቦ መቁረጫ ቀስ እያልክ አዙር። ከቆረጥክ በኋላ ውስጡ ሹል ጠርዝ ይተዋል፣ እሱን ጥረግና በአየር ንፋው። ዳዶውን መጀመሪያ አስገባ! ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ አፉን ቆንጆ አድርጎ ገልብጦ ዳዶው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። ከዚያ ቱቦውን ከመያዣው በላይ የምታስቀረው ርዝመት ከመገልበጫ መሣሪያው እርከን ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከበዛ አፉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ካነሰ ደግሞ መቀመጫው ላይ አይሞላም። ያንተ ሦስቱም ያንጠባጠቡት በዚህ ይመስለኛል። ሌላው ዓይነቱ ነው። ቶዮታና አብዛኛው የጃፓን መኪና ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ ወደ ውስጥ እንደ ቀንደ መለከት የገባ አፍ ይፈልጋል። ብዙዎቹ የአውሮፓ መኪናዎች ደግሞ እንደ አረፋ ያበጠውን። ሁለቱን ካቀያየርክ የፈለግከውን ያህል ብታጠብቅ አይዘጋም። አሮጌውን ቱቦ ሳትጥል አጠገብህ አስቀምጥና እያየህ ሥራ፣ መታጠፊያውንም ከእሱ ቅዳ።

አሮጌውን ዳዶ ስትፈታ ተራ ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል፤ አምስት ጎኑን የሚይዘውን የቱቦ ቁልፍ ተጠቀም። እምቢ ካለህ ቱቦውን ዳዶው ሥር ቁረጠውና በባለ ስድስት ጎን ቡሽላ ፍታው። ዘይቱ እንዳይፈስ ፔዳሉን ትንሽ ወደ ታች ረግጠህ በእንጨት ደግፈው፣ ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ የሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) መውረጃውን ይዘጋዋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ የነካው ቦታ ካለ ወዲያው በውኃ እጠበው።

ቨርጂኒያ ነኝ፣ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን (የመኪና ምርመራ) አልፋለሁ። ይበቃል?

ጥሩ ነው፣ ግን በመካከሉ 12 ወር አለ። የሞተር ዘይት ስትቀይሪ ቱቦውንም እንዲያዩልሽ ንገሪያቸው፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ከአዲስ አበባ ነው። ዕድሜዬ 68 ነው። ከጀርመን የመጣ የ1994 መኪና አለኝ፣ በዓመት ሁለቴ ወደ ጎጃም እወርዳለሁ። እዚህ በረዶ የለም፣ እኔን ይመለከተኛል?

በጣም ይመለከትዎታል አባቴ። መኪናው የጀርመንን ዝገት ይዞት መጥቷል፤ እዚያም መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ውኃው ቱቦውንም ከውስጥ ያዝገዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ፍሬን ረግጠው የሚወርዱ ከሆነ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆንብዎታል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ያስቀይሩ፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ። ቱቦው በብየዳ የተጠገነ ቦታ ካለው ደግሞ ሳይቀየር እንዳይሄዱ እለምንዎታለሁ።

ቀየርኩት፣ ግን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ነው።

አየር አለ። አየሩን ማስወጣት ብዙ ጊዜ ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ የመኪናህን መመሪያ ግን እይ፣ ቅደም ተከተሉ የሚለይ አለ። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልህ፣ አንተ ጎማው ጋ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ፍታ፣ እግሩን ሳያነሣ ዝጋ። ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ በየመሀሉ ሙላ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ) ውስጥ አየር ከገባ ግን በብዙ መኪና በኮምፒውተር ካልሆነ አይወጣም፣ ጋራዥ ውሰደው።

መንገድ ላይ ፍሬን ቢበጥስብኝስ?

እነዚህ መኪናዎች ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሏቸው፣ አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ይቀራል። ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል ግን መርገጥሽን አታቁሚ፣ አጥብቀሽ ደጋግመሽ ርገጪ። ማርሽ ቀንሺ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫንሽ በጥቂት በጥቂቱ ሳቢው፣ በአንዴ ከሳብሽው ኋላው ይንሸራተታል። አደጋ መብራት አብሪና ከመንገድ ውጪ። ከቆምሽ በኋላ ቤት ቅርብ ነው ብለሽ አትንጂው፣ ክሬን ጥሪ።