መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ላለህ ወንድም

የጻፍከውን እንደተረዳሁት፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ኡቡንቱ 24.04 ሰርቨራችሁ ላይ የኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከርቀት የሚያስገባው ፕሮግራም) ፖርቱን፣ ማለትም የመግቢያ በር ቁጥሩን፣ ከ22 ወደ 2222 ቀይረህ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግን በ22 ስትገባ ከረምክ። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ከደብረ ማርቆስ ሆነህ ብትሞክር እምቢ አለህ።

መናኸሪያ ከመሄድህ በፊት በ2222 ሞክረው። የመክፈቱ ዕድል ሰፊ ነው።

1. ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ ፖርቱን ይዞ የሚጠብቀው ኤስኤስኤች ራሱ ሳይሆን የሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው የኡቡንቱ ክፍል) ሶኬት ነው። ፖርቱ የተጻፈበትን የኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይል አስተካክለህ ኤስኤስኤችን ብቻ ሪስታርት ካደረግክ ሶኬቱ 22ን እንደያዘ ይቀራል። ማሽኑ አዲስ ሲነሳ ግን ፋይሉን አንብቦ ወደ 2222 ይሄዳል። ስለዚህ መብራቱ ምንም አላበላሸም፤ ያንተኑ ለውጥ ነው ሥራ ላይ ያዋለው። መደረግ የነበረበት መጀመሪያ ዴሞን ሪሎድ (ሲስተምዲ ማስተካከያዎቹን እንደገና እንዲያነብ ማድረግ)፣ ቀጥሎ የሶኬቱ ሪስታርት ነው። ይህን ስትሠራ የተከፈተውን መስኮት እንዳትዘጋው፤ አዲሱን ፖርት በሌላ መስኮት ፈትሽ። ይህቺን የዘለለ ሰው ነው ለአንድ መስመር ብሎ አውቶቡስ የሚሳፈረው።

2. መልእክቱን አጥብቀህ አንብብ። «ሪፊዩዝድ» ማለት ከወዲያ በኩል መልስ የሰጠ ማሽን አለ ማለት ነው። 2222 ላይ «ታይምድ አውት» (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ) ካለህ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፋየርዎሉ (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው) ዝም ብሎ እየጣለው ይሆናል፣ በዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል መቆጣጠሪያ) 2222ን ፍቀድ። የይለፍ ቃል ደጋግመህ ስተህ ከሆነ ደግሞ ፌይልቱባን (ደጋግሞ የሳተን አድራሻ የሚያግደው ፕሮግራም) አግዶህ ሊሆን ይችላል። እሱም ሲያግድ «ሪፊዩዝድ» ነው የሚያሰኘው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ካልተቀየረ በቀር በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ ከሳትክ ለ10 ደቂቃ ይዘጋብሃል፤ በየደቂቃው አትነካካው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ራውተሩን ጠርጥር። መብራት ሲመለስ ራውተሩም አብሮ ስለሚነሳ የሰርቨሩን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ለፕሪንተር ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ «እምቢ» የሚልህ ያኔ ፕሪንተሩ ነው። ቢሮ ያለ ሰው ሰርቨሩ ላይ «አይፒ ኤ» ብሎ አድራሻውን በስልክ ያንብብልህ። ከተለወጠ በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ አስይዝለት። ከውጭ የምትገባው በፖርት ፎርዋርዲንግ (ራውተሩ ከውጭ የመጣውን ወደ ሰርቨሩ ሲያሳልፍ) ከሆነም ራውተሩ አሁንም ወደ 22 እየላከ ስለሆነ እሱንም ወደ 2222 አስቀይር።

እዚያው ያለው ሰው «ሱዶ ኤስኤስ ዳሽ ቲኤልኤንፒ» ብሎ የሚወጣውን ፎቶ አንስቶ ይላክልህና እዚህ ለጥፈው፤ የትኛው ፖርት ክፍት እንደሆነ አብረን እናያለን።