ጭልፊት ለመቁጠር ተራራ ለምትወጡ፦ ጥያቄና መልስ

ጭልፊቶችና ንስሮች ብርዱን ሸሽተው ወደ ሞቃት አገር የሚሄዱበት ወቅት ደረሰ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ዓይናችን ሰማይ ላይ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንቆጥር ነው ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ከጥያቄዎቻችሁ የተወሰኑትን መርጫለሁ።

ለምን የግድ ተራራ? ሜዳ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም?

ይቻላል፤ የሚያዩት ግን ትንሽ ነው። እነዚህ ወፎች ያን ሁሉ መንገድ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ቢሄዱ ጉልበታቸው ሳይደርሱ ያልቃል። ነፋስ የተራራ ሸንተረር ሲመታ ሽቅብ ይወጣል። እነሱም ክንፋቸውን ዘርግተው እዚያ ነፋስ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሸንተረሩን ተከትለው ይሄዳሉ። ጥሩ ቦታ የያዘ ሰው አንዳንዴ ንስርን ከላይ ወደ ታች ጀርባውን ያየዋል።

ሰፊ ውሃ ላይ ደግሞ የሚያነሳቸው ሞቃት አየር እንደ የብስ አይገኝም። ስለዚህ አብዛኞቹ ባሕሩን ዞረው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይሰበሰባሉ። ጆርጂያ ውስጥ ባቱሚ ላይ፣ በጥቁር ባሕርና በተራራው መካከል፣ በየመጸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፎች ያልፋሉ። በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ቁጥሩ ሚሊዮኖች ነው። ከዓረብ ምድር ወደ አፍሪካ የሚመጡት ብዙዎቹ የሚሻገሩት በባብ ኤል መንደብ ነው።

መቶ ወፍ አንድ ላይ ሲሽከረከር እንዴት ነው የሚቆጠረው? ገና ሃያ ሳልደርስ ይምታታብኛል። (ተማሪ ነኝ)

ሲሽከረከሩ አትቁጠራቸው። ማንም አይችልም። እየዞሩ ያሉት ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ውስጥ ነው። አየሩ ጫፍ ድረስ ያወጣቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ክንፋቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ በሰልፍ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። የምትጠብቀው ያንን ነው። አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት ያዝ፣ ለምሳሌ የሩቅ ዛፍ ወይም የተራራ ጫፍ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚወጣ መስመር አለ ብለህ አስብ፤ መስመሩን ያለፈውን ብቻ ቁጠር።

በጣም ከበዙ መጀመሪያ አሥሩን አንድ በአንድ ቁጠር። አሥር ወፍ ምን ያህል ሰማይ እንደሚይዝ ዓይንህ ሲያውቀው በአሥር በአሥር ሂድ። በጣት የሚጫን ትንሽ መቁጠሪያ ካለህ ዓይንህን ከሰማይ ሳትነቅል ትቆጥራለህ። ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። ባይኖኩላሩን አውርደህ ወረቀት ላይ ስታቀረቅር ሰልፉ አይጠብቅህም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ቀኑን ሙሉ ወዲህ ወዲያ የሚል ጭልፊት ካየህ እሱ የሰፈሩ ነዋሪ ነው። መንገደኛ አይደለምና መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ወጥተን ከሌላው ጊዜ ያነሰ አየን። ለምን?

ጥርት ያለ ሰማይ ለቆጣሪ ከባድ ነው። ወፎቹ በጣም ከፍ ይላሉ፣ ሰማያዊው ደግሞ ይውጣቸዋል። ነጭ ደመና ያለበት ቀን ይሻላል፤ ጥቁር ነጥቧ ደመናው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ተቀምጠን አንድም አላለፈም። ባዶ ወረቀት ይዞ መመለስ ምን ይጠቅማል?

ወረቀቱ ባዶ መሆን የለበትም። በየሰዓቱ ዜሮ ብለው ይጻፉ። የነፋሱን አቅጣጫ፣ ደመናውን፣ ሙቀቱንም ይጻፉ። ስንት ሰው ሲያይ እንደነበር አይርሱ። ወፍ የበዛበትን ቀን ብቻ የምንመዘግብ ከሆነ በአሥር ዓመት ውስጥ ወፎቹ ቢያልቁ እንኳ ወረቀታችን ሁሌ ሞልቶ ይታያል። እኔ የቆጣሪን ጉብዝና የምለካው በዜሮዎቹ ነው።

የማውቀው ንስርንና ጭልፊትን ብቻ ነው። ቆጠራውን አበላሻለሁ?

አያበላሹም። እርግጠኛ ያልሆኑበትን «ያልተለየ» ብለው ይጻፉት። ቆጠራን የሚያበላሸው ግምትን እንደ እውነት መጻፍ ነው።

የሚያልፉትን ሁሉ እንደማንቆጥር የታወቀ ነው። ታዲያ ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል?

ልክ ነዎት፣ ሁሉንም አንቆጥርም። ግን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ፣ ዓመት በዓመት ከተቆጠረ መጨመሩና መቀነሱ ይታወቃል።

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ሆክ ማውንቴን የሚባል ሸንተረር አለ። ድሮ ሰዎች በየመጸው ጠብመንጃ ይዘው እየወጡ የሚያልፈውን ጭልፊት በጅምላ ይገድሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባለች ሴት ቦታውን ተከራይታ ተኩሱን አስቆመች። የቀጠረችው ጠባቂ ሞሪስ ብራውን ያንኑ መጸው መቁጠር ጀመረ።

ብራውን የሚቆጥረው ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ዕድሜም ይለይ ነበር። ራሰ ነጩ ንስር ጎልማሳ ሲሆን ጭንቅላቱ ከሩቅ ያበራል፤ ለጋው ግን ሁለመናው ቡናማ ነው። ከ1935 እስከ 1939 ከታዩት 40 በመቶዎቹ ለጋ ነበሩ። ከ1955 እስከ 1959 ወደ 20 በመቶ ወረዱ። በ1957 ደግሞ ለ32 ጎልማሶች የታየው ለጋ አንድ ብቻ ነው! ትልልቆቹ እየበረሩ ነው፤ ልጆቻቸው ግን የሉም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ራሼል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ተባይ ማጥፊያው መድኃኒት ስለ ዲዲቲ ስትጽፍ ይህንን ቁጥር አቀረበች። በኋላ እንደታወቀው መድኃኒቱ የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳ ስለነበር እናትየዋ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ከለከለች። ንስሮቹም ቀስ በቀስ አገገሙ፤ በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ወጡ።

ስለዚህ ዕድሜ መለየት ከቻሉ ይለዩ። በጣም እለምናለሁ።

የመቁጠሪያ ቦታ ላይ ረጅም እንጨት ጫፍ የፕላስቲክ ጉጉት ተሰክቶ አየሁ። ምን ይሠራል?

ጭልፊቶች ጉጉትን አይወዱም። ሲያዩት መንገዳቸውን ትተው ሊያባርሩት ይወርዳሉ፤ ያኔ የጭራቸውን ሽንትር፣ አንዳንዴም የዓይናቸውን ቀለም ማየት ይቻላል። ለመለየት በጣም ይረዳል። ከሰቀላችሁ ግን ሁልጊዜ ስቀሉ፤ ያልተሰቀለበት ቀን ካለም መዝገቡ ላይ ይጻፍ።