ልጄ ለሁለት ወር የሌለ ልምምድ ሄደ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜልበርን፣ በምዕራቡ በኩል ነው። የ17 ዓመት ልጅ አለን። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በአንድ ትልቅ የፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ክለብ አካዳሚ ውስጥ ነበር። አባቱ መጀመሪያ ላይ «ሞላላ ኳስ እያሳደደ ትምህርቱን ሊጥል ነው» ብሎ ለሁለት ዓመት ያህል አኩርፎት ነበር። ኋላ ልቡ ተመለሰና ፎቶውን ታክሲው ውስጥ ሰቀለ፤ ለእድሩ ሰው ሁሉ «ልጄን ክለብ ወሰደው» ብሎ አወራ። ልጁ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ባለፈው ወር አባቱ ነዳጅ ማደያ ላይ የሌላ ተጫዋች አባት አገኘና «ልጅህ ከወጣ ወዲህ ናፈቀን» አለው። ለካ ከአካዳሚው ከተሰናበተ ሁለት ወር ሆኖታል! በእነዚያ ምሽቶች ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ነበር፤ ሲዘጋ ደግሞ ባቡር ጣቢያ። ክለቡ በኢሜይል አሳውቆናል፤ ኢሜይሉን የከፈተልንም የሚያነብልንም ግን እሱ ነው። አባቱ ፎቶውን አወረደ፣ «ከውሸታም ጋር አልነጋገርም» አለ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። «እራት ብላ በይው»፣ «በልቻለሁ በይው» እየተባልኩ መሃል ቆሜያለሁ። ልጄ ውሸታም ሆነብኝ? ሽማግሌስ ልላክ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ልቤን የያዘው ነዳጅ ማደያው ሳይሆን ባቡር ጣቢያው ነው። የ17 ዓመት ልጅ፣ በሜልበርን ብርድ፣ ጫማና ማልያ የያዘ ቦርሳ ታቅፎ፣ የልምምድ ሰዓት እስኪያልፍ ባቡር ሲቆጥር። ወላጆቹን ለማታለል ብሎ የወጣ ልጅ የሚሻል ቦታ አያጣም ነበር።

ልጅዎ ዋሽቷል፤ ውሸታም ግን አልሆነም። አባቱ ሁለት ዓመት አኩርፈውት እንደነበር ነግረውኛል። ታዲያ ይህ ልጅ የአባቱን ፊት በምን አገኘው? በኳሱ። ፎቶው ታክሲ ውስጥ የተሰቀለው፣ ስሙ እድር ላይ የተነሳው በኳሱ ነው። ክለቡ ሲያሰናብተው አብሮ የሚሄድበት አባቱ መሰለው። የዋሸው አባቱን ንቆ አይደለም፤ ዘግይተው የመጡለትን አባት መልሶ ማጣት ስላልቻለ ነው። እውነቱ የወጣ ቀን የደረሰበትም ያው የፈራው ነገር ነው፤ ፎቶው ወረደ፣ አባት ዝም አሉ።

ይህን የምለው ባለቤትዎን ለመውቀስ አይደለም። የገዛ ልጃቸውን ነገር ከባዕድ አፍ፣ ያውም ነዳጅ እየቀዱ መስማት አባትን አንገት ያስደፋል። እሳቸውም ተጎድተዋል፤ ጉዳታቸው በቁጣ በኩል ወጣ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላንሳ፤ ብዙ ቤተሰብ ሲሳሳትበት ስላየሁ። እኛ «አካዳሚ» ስንል የሚታየን ትምህርት ቤት ነው፤ ወይም አዲስ አበባ እንዳለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ፣ ልጁ ገብቶ የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ የሚማርበት ቦታ። የፉቲው አካዳሚ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመሩት የክለቦቹ አካዳሚዎች ከአካባቢያቸው የአቦርጂናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ልጆችን፣ እንዲሁም ወላጆቻቸው አፍሪካ ወይም እስያ የተወለዱ ልጆችን ወደ ጨዋታው ለመሳብ የተቋቋሙ ናቸው። ልምምድ ይሰጣሉ፤ ደመወዝም ውልም የለም። ክለቡ የሚያገኘው በኅዳር ወር አካባቢ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚወስዱበት ምርጫ ላይ ልጁን የማስቀረት ቅድሚያ ነው። በዚያ ምርጫ 18ቱ ክለቦች ከመላ አገሪቱ የሚወስዱት በዓመት 60 ወይም 70 ያህል ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ «ክለብ ወሰደው» የተባለው ቀን ማንም አልወሰደውም ነበር፤ ሊያዩት ጠርተውት ነበር። ልጁ ይህን ያውቅ ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን ሥራ የያዘ ያህል ሲወራለት ኖረ። በእሱ ቦታ ሆነው ይገምቱት፤ የእድሩ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው ኳሱ?» እያለ ትከሻውን ሲመታው።

ሰው ሲሞትብን የምናደርገውን እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት መጥቶ ዝም ብሎም ቢሆን ይቀመጣል። ሐዘንተኛውን ብቻውን አንተወውም። አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ሌላ ዓይነት ሐዘን ጽፏል፤ ሰው የሚያዝነው፣ አካባቢው ግን እንደ ሐዘን የማይቆጥርለት። ይህ ሐዘን ለቅሶ ደራሽ የለውም። የልጅዎ ሐዘን እንዲህ ያለ ነው። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ያሰበው ሕይወት፣ ጓደኞቹ፣ «እሱ እኮ ፉቲ ተጫዋች ነው» የሚለው ስሙ፣ ሁሉም በአንድ አጭር ስብሰባ ሄደበት። «እግዜር ያጥናህ» ያለው ሰው የለም። ሁለት ወር ሙሉ ለቅሶውን ብቻውን፣ ባቡር ጣቢያ ተቀመጠ።

ሽማግሌውን አሁን አይላኩ። ሽምግልናን አቃልዬ አይደለም፤ ባልና ሚስትን፣ ወንድምና ወንድምን ሲያስታርቅ አይቻለሁ። ነገር ግን ይህ ልጅ የሸሸው የሰው ዓይን ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሳሎን ተደርድረው «አባትህን ይቅርታ ጠይቅ» ቢሉት አፉ ይጠይቃል፤ ልቡ ግን ይብስ ይዘጋል።

ከእርስዎ የምጠይቀው መልእክተኛነቱን እንዲያቆሙ ነው። «በልቻለሁ በይው» ሲባሉ፣ ያለ ቁጣ፣ «አባትህ እዚያ ጋ ነው፣ ራስህ ንገረው» ይበሉ። ለባለቤትዎም እንደዚያው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ ይብስ ዝም ይላል፤ ይታገሡት። እርስዎ መሃል እስካሉ ድረስ ሁለቱም መቀራረብ አያስፈልጋቸውም።

የመጀመሪያውን ቃል መናገር ያለባቸው አባት ናቸው። ይህን ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው። ጌታዬ፣ እርስዎ ቀኑን ሁሉ የሚውሉት መሪ ላይ ነው፤ ልጅዎን አንድ ማታ መኪና ውስጥ ያስቀምጡት። ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ሲያፈጡበት የማይናገረውን፣ ሁለቱም መንገድ መንገዱን እያዩ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይናገራል። ይቅርታ እንዲጠይቅዎት አይጠብቁ፣ «ለምን?» ብለውም አይጀምሩ። «ለምን» ልጅን ወደ ፍርድ ቤት ይወስደዋል። እንዲህ ይበሉት፦ «ያን ቀን ሲነግሩህ አጠገብህ ማን ነበር?» ከዚያ ዝም ይበሉ። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ «እኔ መኖር ነበረብኝ» ይበሉት። ምክር አይጨምሩበት።

ውሸቱ ይረሳ አልልም። በሌላ ቀን፣ ሁለታችሁም ስትረጋጉ፣ «የት እንዳለህ ሳናውቅ መቅረታችን አስፈርቶናል፤ ከእንግዲህ መጥፎ ወሬም ቢሆን ከአንተ ልስማው፣ እኔም ሳልጮህ እሰማለሁ» ይበሉት። ሁለተኛውን ግማሽ የማይጠብቁት ከሆነ የመጀመሪያውን አይጠይቁት።

አሁን ደግሞ ሊታለፍ የማይገባ ነገር። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ጓደኞቹ እንዴት ናቸው? ቀድሞ የሚወደውን ነገር ሁሉ ትቷል? «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» የሚመስል ነገር ይናገራል? ከጠረጠሩ በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት፣ ለመሞት አስበህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ካለ ያወጣዋል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ አደጋው የደረሰ ከመሰለዎት ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪው 000 ይደውሉ። ኪድስ ሄልፕላይን የተባለው የስልክ ምክር አገልግሎት (1800 55 1800) እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ለማንኛውም ሰው የሚሆነው ላይፍላይን ደግሞ 13 11 14። ድንገተኛ ባይሆንም ሐኪማችሁ ጋ ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ዕቅድ ብታሠሩለት ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) በዓመት እስከ 10 ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያ ክፍያ ያግዛል። ሄድስፔስ የተባለው የወጣቶች የአእምሮ ጤና ማዕከልም ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። ይህን «ዕብደት» ብለው ለሚፈሩ ዘመዶች፦ እዚያው ምዕራብ ሜልበርን፣ ዌሪቢ ያደገው ማጃክ ዶው፣ ሱዳን ተወልዶ በኤ ኤፍ ኤል (በፉቲ ከፍተኛው ሊግ) የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች፣ ስለ አእምሮ ጤናው ችግር በአደባባይ ተናግሯል። ክለብ የገባውንም የሚያገኝ ነገር ነው።

ወደ ክለቡ እናንተ ራሳችሁ ደውሉ። 131 450 ብትደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ መሃል ያስገቡላችኋል። ልጁ ግን አያስተርጉም፤ ስለራሱ ስንብት በራሱ አንደበት ለወላጆቹ እንዲያነብ መተው ከብዶት ኖሯል፣ ጥፋቱም የእሱ አልነበረም። ለምን እንዳሰናበቱት፣ ከዚያ በኋላስ ማን እንዳነጋገረው ጠይቁ። ትምህርት ቤቱም ይወቅ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ፈተናው ከመድረሱ በፊት የተማሪዎች ደኅንነት ኃላፊዋን ማነጋገር ይጠቅማል።

ዘመድ አዝማድ «ተስፋ አትቁረጥ» ሊለው ይመጣል። ምሳሌም አይጠፋም፤ የፉቲ ተጫዋቹ ማርሊዮን ፒኬት እ.ኤ.አ. በ2019 በ27 ዓመቱ ተመርጦ፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን በዚያው ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ ላይ አድርጎ፣ ከሪችመንድ ክለብ ጋር ዋንጫ ወስዷል። እውነት ነው፣ ደስ የሚልም ታሪክ ነው። አሁን ግን አይንገሩት። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው «ሌላ ትወልዳለህ» እንደማለት ነው። መጫወት ከፈለገ የሠፈር ክለብ አለ፤ ካልፈለገም ቦርሳውን ማስቀመጥ መብቱ ነው። የሚወስነው እሱ ነው፣ በዚህ ሳምንትም መሆን የለበትም።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ነገር ልለምንዎት። ከሥራ ቦታዎ ጋር ተነጋግረው የሚቻል ከሆነ፣ ለጥቂት ሳምንታት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቤት ይሁኑ። እነዚያ ሰዓቶች አሁን ባዶ ናቸው፣ እሱም ሰዓቱ ሲደርስ ይሰማዋል። ምንም አይበሉት፤ ሽሮውን ሠርተው በተለመደው ሰዓት ያቅርቡ፣ አብሮዎት ቢቀመጥም ባይቀመጥም።