ቤተሰቦቹ ለምን በየዓመቱ ይሰለፋሉ?
ወንድሜ፣ «እንግሊዝ ውስጥ አሟሟትን የሚያጣራ ችሎት እያለ፣ በፖሊስ እጅ የሞቱ ሰዎች ቤተሰቦች ለምን ለንደን ላይ ይሰለፋሉ?» ብለሃል። ችሎቱ ሰውየው እንዴት እንደሞተ ያጣራል እንጂ ማንንም አይቀጣም። ክስ የሚመሠርተው ሌላ አካል ነው፤ ክሱም ብዙ ጊዜ አይመጣም።

የሾን ሪግን ጉዳይ እይ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ውስጥ ብሪክስተን ፖሊስ ጣቢያ ተይዞ ሞተ። የፖሊስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ፖሊሶቹን ነፃ አደረጋቸው። በ2012 ግን አሟሟቱን ባጣራው ችሎት የተቀመጠው ጁሪ (ከተራው ሕዝብ የተመረጡ ሰዎች)፣ ፖሊሶቹ የተጠቀሙት ኃይል ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርጓል አለ። አራት ዓመት ሙሉ! እህቱ ያለ መታከት ባትጮህ ኖሮ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ነው ቤተሰቦቹ በኦክቶበር መጨረሻ ከትራፋልጋር አደባባይ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዳውኒንግ ስትሪት፣ የሚሄዱት። ደግሞ ፖሊስ በሕዝብ ገንዘብ ጠበቃ ሲያቆም፣ ስንቱ ሐዘንተኛ ለጠበቃ መዋጮ ሲለምን ኖሯል።